ክሪታ ለጌም ሽፋን፦ ሥዕሉን ይሠራል፣ ፊደሉን ግን ለሌላ ስጡት

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጥ። ክሪታ በነጻ ከሚገኙ የሥዕል ፕሮግራሞች መካከል ለጌም ሽፋን የተሻለው ነው። የጌሙን ስም በፊደል ለመጻፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ኢንክስኬፕ የተባለውን፣ ፊደልንና ቅርጽን በመስመር የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም፣ አጠገቡ መጫን ግድ ይላል። ከ5 ነጥብ 4 እንሰጠዋለን። ግምገማው የተጻፈው በኮየ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ሁለት ሦስት ሆነው ጌም ለሚሠሩ፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለያዙ፣ ለውጭ አገር ሠዓሊ የሚከፍሉት ዶላር ለሌላቸው ሰዎች ነው። ለሌላ ዓይነት ሥራ፣ ለምሳሌ ለአኒሜሽን ወይም ለኮሚክ፣ ክሪታ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን እዚህ አናይም።

አንድ ፕሮግራም ለሽፋን ሥራ ይመች እንደሆነ በብሩሽ ብዛት አይለካም። የሚለካው በ120 ፒክስል ነው። የኮምፒውተር ጌም በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ በስቲም ላይ ለአንድ ጌም የሚጠየቁት ዋና ሽፋኖች፣ በገጹ አጠራር ካፕሱሎች፣ አራት ናቸው፦ ሄደሩ 920 በ430፣ ትንሹ 462 በ174፣ ዋናው 1232 በ706፣ ቁሙ 748 በ896። ጌሙን ገዝቶ ላስገባ ሰው ላይብረሪ ደግሞ 600 በ900 የሆነ ቁም ሽፋን፣ 3840 በ1240 የሆነ ጽሑፍ አልባ ሰፊ ሥዕልና ጀርባው ክፍት የሆነ ሎጎ ይታከላል። ከዚህ ሁሉ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያየው ትንሹን ነው፤ በፍለጋ ውጤትና በሽያጭ ዝርዝር ላይ የሚወጣው እሱ ነውና። እሱንም ቢሆን ሁልጊዜ በሙሉ መጠኑ አያየውም። ስቲም ከ462 በ174ቱ ራሱ እያሳነሰ 184 በ69 እና 120 በ45 የሆኑ ቅጂዎችን ያወጣል። 120 በ45 ፒክስል በተለመደ ላፕቶፕ ላይ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ነው። ወር ሙሉ የተለፋበት ሥዕል እዚያ ቀፎ ውስጥ ካልተነበበ፣ ትልቁን የሚከፍተው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የቆዩ የቪዲዮ ማስተማሪያዎች 231 በ87፣ 460 በ215፣ 616 በ353 እና 374 በ448 ይላሉ። እነዚህ የቀድሞዎቹ መጠኖች ናቸው፣ የአሁኖቹ እጥፋቸው ነው። በግማሹ መጠን ሥሎ ኋላ ማሳደግ ጠርዙን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ማንኛውንም አብነት ከማውረዳችሁ በፊት ቁጥሩን አመሳክሩ።

ወደ ክሪታ እንግባ። ዋጋው ነጻ ነው፣ የሚሠራውም ያለ ኢንተርኔት ነው። ከራሱ ድረ ገጽ የሚወርደው የዊንዶውስ ፋይል ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ የአንድ ቀን የዳታ ጥቅል ይበቃዋል። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበትን ፎቶሾፕ ያነጻጸረ ሰው፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ካርዱ ቢገኝ እንኳ ክፍያው በተቋረጠበት ወር ሥራው ይቆማል። ክሪታ ላይ እንዲህ ያለ ስጋት የለም።

ማኅደረ ትውስታን በተመለከተ ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት ይጠቅማል። 3840 በ1240 የሆነ ሥዕል በ8 ቢት ቀለም አንድ ሙሉ ሌየር፣ ማለትም በሌላው ላይ የሚደረብ የሥዕል ንጣፍ፣ 19 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሃያ ሌየር ሲሆን 380 ሜጋባይት ነው፣ ይህን 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል። አዲስ ሰነድ ሲከፈት ሳያስቡት 16 ቢት ከመረጡ ግን ሁሉም በእጥፍ ያድጋል፣ ለሽፋን ሥራም የሚጨምረው በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ 8 ቢት፣ የቀለሙም ዓይነት ኤስአርጂቢ። ዋናውን ካፕሱል በእጥፉ፣ ማለትም በ2464 በ1412፣ መሣል እንመክራለን። አንዱ ሌየር 14 ሜጋባይት ያህል ነው የሚይዘው፤ ሲያሳንሱትም መስመሩ ይጠራል። ሁሉንም መጠን የሚሸፍን አንድ ግዙፍ ሸራ ልክፈት ማለት ግን ላፕቶፑን ከማንቀርፈፍ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እናየዋለን።

በከተማው ዳርቻ የሚሠራ ሰው ስለ መብራት ሳያስብ ፕሮግራም አይመርጥም። ክሪታ እዚህ ላይ ይታመናል፣ ግን መስተካከል አለበት። «ኮንፊገር ክሪታ» ውስጥ የፋይል አያያዝ ክፍል ገብታችሁ ራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮግራሙ ሲከፈት ያልተቀመጠውን ሥራ ላውጣላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የሚያድነው ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የሚሆነው ነው፦ ሥራው በአዲስ ተራ ቁጥር ይቀመጣል፣ የቀድሞው አይነካም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ዴስክቶፕ ላይ መብራት ልክ በማስቀመጥ ላይ እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ በዚያው ፎልደር ውስጥ ከስሙ መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት ያለበትን ቅጂ ፈልጉ፤ ክሪታ ከእያንዳንዱ ማስቀመጥ በፊት የነበረውን እንዲህ አድርጎ ያቆየዋል። ምልክቱን ከስሙ ላይ ሰርዛችሁ ክፈቱት።

ሥዕሉ። ብሩሾቹ ጥሩ ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ስለ እነሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ለሽፋን ሦስት ይበቃሉ። ክሪታን ለዚህ ሥራ የምናስቀድመው ሥዕሉን እየሠሩ በትንሹ ለማየት ስለሚያስችል ነው። «ኦቨርቪው» የሚባለው ትንሽ መስኮት ሥዕሉን ሁልጊዜ አሳንሶ ያሳያል፤ ከዳር አውጥታችሁ እስኪጠብ ድረስ ጨምቁት፣ ዓይናችሁም ከሸራው ይልቅ እሱ ላይ ይዋል። ይበልጥ ትክክለኛው መንገድ ደግሞ የ462 በ174ቱን ፋይል በ«ዊንዶው» ዝርዝር ሥር ባለው «ኒው ቪው» ሁለት ጊዜ ከፍቶ፣ አንዱን በ26 ከመቶ ማቆም ነው። 462 በ26 ከመቶ ሲታይ 120 ይሆናል። በአንዱ መስኮት እየሣላችሁ በሌላው ገዢው የሚያየውን ታያላችሁ። መስኮቶቹ ጎን ለጎን እንዲቆሙ በምርጫዎቹ ውስጥ ከታብ ይልቅ ንዑስ መስኮት የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥንካሬው የብርሃንና የጥላ ፍተሻ ነው። ከሁሉም ሌየር በላይ አንድ የፊልተር ሌየር ጨምራችሁ «ዲሳቹሬት» ምረጡ፤ ከሌየሩ አጠገብ ያለውን የዓይን ምልክት ባበራችሁ ቁጥር ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ባጠፋችሁ ቁጥር ይመለሳል። ለምን ይጠቅማል? ወይን ጠጅ ቀሚስ በሰማያዊ ሌሊት ላይ በቀለም ሲታይ ያምራል፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ሲያንስ የሚደርሰውም ይኸው ነው፣ ሰውየው ከጀርባው ጋር ይቀልጣል። ሆሎው ናይት የተባለው ጌም ሽፋን በየትኛውም መጠን የሚታወቀው ነጭ ባለ ቀንድ ጭምብል በጨለማ ላይ ስለቆመ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የስቲም ገጽ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ መሆኑንም አትርሱ፤ ቀይ 27፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 56 በሆነ ቀለም ዙሪያውን የሞላ ሌየር ሥዕሉ ሥር አስቀምጡና እዩት። ጠርዛቸው የጠቆረ ሽፋኖች ከገጹ ጋር ተዋህደው ዳር አልባ ይሆናሉ።

ስለ ሥዕሉ ይዘት አንድ ነገር ካላልን ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል፣ መሣሪያው ምንም ያህል ቢጠራ የተሣለው ከበዛ አያድነውምና። በየባነር ቤቱ ያደግንበት ልማድ አለ። ባነር ላይ ባዶ ቦታ እንደ ስስት ይቆጠራል፤ የሁሉም ፊት ይደረደራል፣ ከሥር ከተማው ይገባል፣ ከላይ ጨረር ይወርዳል፣ ጽሑፉ ወርቃማ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይከበባል። አራት ሜትር ባነር ይህን ይሸከማል። 120 ፒክስል አይሸከምም። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ እዚሁ አጠገባችን አለ፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። ትልልቅ ዓይን፣ ዙሪያውን የያዘ ጥቁር መስመር፣ ጥላ ያልበዛበት ደማቅ ቀለም። ከቅኔ ማኅሌቱ ርቀት፣ በጧፍ ብርሃን፣ ማን እንደሆነ ይለያል። የብራናው ሐረግ ግን እጅግ ቢያምርም ለሽፋን አይሆንም፤ ተቀርቦ የሚታይ ጌጥ ስለሆነ ሲያንስ ጭረት ብቻ ይሆናል።

ምሳሌ እንውሰድ። «ወያላ» የሚባል የሚኒባስ ጌም እየሠራችሁ ነው እንበል። ሽፋኑ ላይ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ከነጭና ሰማያዊ ታክሲ በር ወጥቶ የተንጠለጠለ ልጅ፣ አንድ እጁ የተዘረጋ፣ አፉ ለጥሪ የተከፈተ። መገናኛ ድልድዩ፣ ተሳፋሪዎቹ፣ ትራፊኩ፣ ሕንፃዎቹ ሁሉ ይቅሩ። በሄደሩ ላይ ልጁ ከወገቡ በላይ ግራውን ሲሶ ይይዛል፣ ስሙ በቀኝ ይቆማል። በቁሙ ላይ ሙሉ ሰውነቱና በሩ ይታያሉ፣ ስሙ ከታች ይሆናል። በትንሹ ላይ ደግሞ ስሙ ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ቦታ ከተረፈ የተዘረጋው እጅ ከአንድ ወገን ይግባ፣ ካልተረፈ እሱም ይቅር። ግዙፉን አንድ ሸራ የማንመክረው ለዚህ ነው፦ የካፕሱሎቹ ቅርጽ እርስ በርሱ ስለማይገጥም አንዱን ቆርጦ ሌላውን ማውጣት አይቻልም። ልጁ፣ ታክሲው፣ ጀርባውና ስሙ በየራሳቸው ይሣሉ፣ በእያንዳንዱ መጠን ላይ እንደገና ይደርደሩ። 3840 በ1240 በሆነው የላይብረሪ ሥዕል ላይ ጽሑፍ አይገባም፤ ዋናው ነገር መካከል ላይ ባለው 860 በ380 ክልል ውስጥ ይሁን፣ ከዚያ ውጭ ያለው እንደ መስኮቱ ስፋት ይቆረጣልና።

አሁን ክሪታ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ፊደል።

በ5.2 ሥሪት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 በወጣው፣ የጽሑፍ አቀማመጡ ከሥሩ ተሻሽሏል። ያም ሆኖ በዚያ ሥሪት ጽሑፍ የሚገባው ሸራው ላይ ሳይሆን ለብቻው በሚከፈት መስኮት ነው፤ በሁለት ሆሄያት መካከል ያለውን ክፍተት በዓይን እያዩ ማጥበብና ማስፋት አይመችም። ለእንግሊዝኛ ርእስ ይህ ይታለፍ ይሆናል። ለአማርኛ አይታለፍም፤ የፊደላችን ስፋት ከሆሄ ሆሄ በጣም ይለያያል። «ወያላ» ሲጻፍ ወ እና ያ መካከል የሚቀረው ክፍተትና በያ እና በላ መካከል ያለው አንድ አይሆንም፣ በእጅ ካልተስተካከለ ስሙ የተሰባበረ ይመስላል።

ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ወፍራም የሚያምር የላቲን ፎንት መርጣችሁ በአማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል፣ ደስ ይላችኋል። የወጣው ግን የመረጣችሁት ፎንት አይደለም። ያ ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ ከራሱ ኤብሪማን ወይም ኒያላን ተክቶ ነው። ውጤቱ የሁሉም ሰው ሽፋን ላይ ያለው ያው ቀጭን ፊደል ይሆናል። ለሽፋን የምንመርጠው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፦ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ፈቃዱም ክፍት ስለሆነ ለሚሸጥ ሥራ መጠቀም ይቻላል። ጥንታዊ መንፈስ ላለው ጌም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ዘጠኝ ውፍረት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የቁም ጽሕፈትን ውበት የያዘ ነው፤ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው፣ «ቦልድ» ሲጫን ፕሮግራሙ በራሱ ያደልበዋል፣ ቀለበቶቹም ይደፈናሉ። ከአቢሲኒካ የምትነሡ ከሆነ በእጅ አወፍሩት።

ለምን ይህን ያህል ስለ ውፍረት እናወራለን? በአማርኛ አንድ ትንሽ ጭረት ቃሉን ትለውጠዋለች። ሸ ከሰ የሚለየው ከላዩ ባለው አግድም መስመር ነው። «ሸማ» የተባለ ጌም ያ መስመር ከጠፋ «ሰማ» ይሆናል። ጀ ወደ ደ፣ ቸ ወደ ተ፣ ኘ ወደ ነ ይወርዳሉ። ቤ እና ቢን የሚለያቸው ደግሞ እግሩ ሥር ያለው ነገር ቀለበት ነው ወይስ ጭረት የሚለው ብቻ ነው። ከ462 ወደ 120 ሲወረድ ሁሉም ነገር 3.85 ጊዜ ያንሳል። 4 ፒክስል የነበረ መስመር 1 ፒክስል ይሆናል፣ ከጀርባው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ፦ በ462 በ174ቱ ላይ ከ8 ፒክስል የቀጠነ ጭረት፣ ከ8 ፒክስል የጠበበ የቀለበት ቀዳዳ አይኑር። ያኔ በ120 ላይ 2 ፒክስል ይተርፋል፣ 2 ፒክስል ደግሞ ይነበባል። ረጅም ስም ይዞ ይህን መጠበቅ ስለማይቻል የጌሙን ስም ስታወጡ ጀምሮ አስቡበት፤ ሦስት ወይም አራት ሆሄ ያለው ስም ሽፋን ላይ የሚሰጠውን ቦታ ዘጠኝ ሆሄ ያለው አይሰጥም። በሁለት መስመር መክፈል ይቻላል፣ ግን የሆሄው ቁመት በግማሽ ይወርዳል፣ ሸም ሰ ይሆናል።

ሥራው በኢንክስኬፕ እንዲህ ይሄዳል። ስሙን በኖቶ ሳንስ ጥቁር ውፍረት ጻፉ። ጠቋሚውን በሁለት ሆሄያት መካከል አቁማችሁ ኦልትን ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር እየተጫናችሁ ክፍተቱን አስተካክሉ። ሲያልቅ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ ተጭናችሁ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጡ። ከዚህ በኋላ ፎንት አያስፈልግም፣ እያንዳንዱ ሆሄ የሚጎተት ነጥብ አለው። የሸን አግድም መስመር ወደ ላይ አወፍሩ፣ የቤን ቀለበት አስፉ፣ የተጣበቀውን አላቅቁ። ቀጥሎ ዙሪያውን የሚይዝ ጥቁር ጠርዝ ስጡት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ኢንክስኬፕ ጠርዙን የሚያሰምረው ቅርጹ ዳር ላይ ተንተርሶ ነው፣ ግማሹ ወደ ውጭ ግማሹ ወደ ውስጥ። 10 ፒክስል ጠርዝ የሆሄውን 5 ፒክስል ከያንዳንዱ ወገን ይበላዋል፣ ቀጭኑ ጭረት ፈጽሞ ይጠፋል። መፍትሔው በጠርዙ ምርጫ ውስጥ «ኦርደር» የሚለውን ለውጦ ጠርዙ ከሙሌቱ ሥር እንዲገባ ማድረግ ነው። ያኔ ሆሄው ሙሉ ሆኖ ይቀራል፣ ጥቁሩ ከሥሩ ብቻ ይወጣል። መጨረሻ ላይ በሺፍት፣ ኮንትሮል እና ኢ ጀርባው ክፍት የሆነ ፒኤንጂ አውጡ። ስቲም ለላይብረሪ የሚጠይቀው ሎጎ 1280 ስፋት ወይም 720 ቁመት ስለሆነ፣ በዚያው መጠን ማውጣት አንድ ድካም ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ማስገባት ያምራል፣ በትልቁ ሎጎ ላይም ግርማ ይሰጣል። በትንሹ ካፕሱል ላይ ግን የሥዕል ቆሻሻ ስለሚመስል ለዚያ መጠን አውጡት። የላቲንና የአማርኛ ስም ደራርቦ መጻፍም በ120 ላይ ሁለቱንም ይገድላቸዋል፤ አንዱን ምረጡ።

ሎጎው ወደ ክሪታ ሲመለስ ፕሮግራሙ ክብሩን ያስመልሳል። ፒኤንጂውን ገልብጣችሁ አትለጥፉት። «ሌየር»፣ «አድ»፣ «ፋይል ሌየር» ብላችሁ አገናኙት። ፋይል ሌየር ማለት ሥዕሉ ከውጭ ያለውን ፋይል ይጠቅሳል ማለት ነው፤ ኢንክስኬፕ ላይ የቤን ቀለበት አሻሽላችሁ በዚያው ስም ስታወጡት በሁሉም ሽፋን ውስጥ ያለው አብሮ ይታደሳል። ለስቲም ብቻ አራት ካፕሱል፣ ከዚያም ላይብረሪ፣ ከዚያም ጎግል ፕሌይ ላለው ሥራ ይህ የአንድ ቀን ድካም ይቀንሳል። ችግሩ ፋይሉን ወይም ፎልደሩን ካነሣችሁት ግንኙነቱ መቋረጡ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ፎልደር ይሁኑ፣ ለባልደረባ ስትልኩም ሙሉ ፎልደሩን ላኩ።

ስታወጡ «ኤክስፖርት» ተጠቀሙ። ለካፕሱሎቹ የአልፋ ቻናል፣ ማለትም ጀርባውን ክፍት የሚያደርገውን፣ የሚለውን ምልክት አንሡ፣ ለሎጎው ተዉት። ስታሳንሱ «ባይኪዩቢክ» ጥሩ ነው፤ ጌማችሁ ፒክስል አርት፣ ማለትም ካሬ ነጥቦቹ ጎልተው የሚታዩበት ሥዕል፣ ከሆነ ግን ፒክስሉን ሳይበርዝ የሚያሳንሰውን «ኒረስት ኔበር» ምረጡ፣ ያውም በሙሉ ቁጥር ብቻ፣ ግማሽ ወይም ሲሶ። በ3.85 የተካፈለ ፒክስል አርት የተበላ ጨርቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ለትንሹ ካፕሱል ስሙን በቀጥታ በዚያው መጠን መሥራት ይሻላል።

የተጠናቀቀውን ለመፈተሽ በቴሌግራም መላክ የተለመደ ነው። ሁለት ነገር ያበላሻል። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ስለዚህ እንደ ፋይል ይላክ። ደግሞም 120 ፒክስሉን ምስል ስልኩ ሙሉ ስክሪን አድርጎ ይዘረጋዋል፣ ያየው ሰው የሚነግራችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው። የስቲምን የፍለጋ ገጽ ስክሪንሾት አንሥታችሁ የራሳችሁን 120 በ45 ከሌሎቹ ጌሞች መካከል አስገቡት፣ እሱን በላፕቶፑ ላይ አሳዩ። ለዚህ ፈታኝ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሕንፃው ሥር ያለው ባለሱቅ፣ የግቢው ጥበቃ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይበቃሉ። አንድ ሰከንድ ያህል አሳይታችሁ ዝጉት። «ጋሼ፣ ከመካከላቸው የትኛው በዓይንዎ ገባ? ስሙስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። አምስት ሰው ጠይቃችሁ ሦስቱ ስሙን ካላነበቡት ችግሩ የእነሱ ዓይን አይደለም። ሥዕሉ ያምራል ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ ያምራል ነው የሚለው።

ከማስገባታችሁ በፊት የስቲምን ደንብ እወቁ። ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ካፕሱል ላይ የሚፈቀደው የጌሙ ሥዕል፣ የጌሙ ስምና ይፋዊ ንዑስ ርእስ ብቻ ነው። የሽልማት ምልክት፣ የግምገማ ነጥብ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ አይገባም። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል ካለ በመጠይቁ ላይ መግለጽ ግዴታ ነው። 100 ዶላር የመግቢያ ክፍያ ከከፈላችሁ በኋላ በሥዕል ምክንያት መመላለስ ያንገበግባል። ጎግል ፕሌይ 512 በ512 የሆነ አይከንና 1024 በ500 የሆነ ሰፊ ሥዕል ይጠይቃል፤ ሰፊው ሥዕል አልፋ አይቀበልም፣ የአይከኑን ጠርዝ ደግሞ ራሱ ስለሚያጠጋጋው አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ሙሉውን ሙሉት። አይከን ላይ ስም አይጻፍ፤ የወያላው ፊት ብቻ ይብቃ። ጌም በሚለቀቅበት ድረ ገጽ በኢች ዶት አዮ ላይ 630 በ500 ይመከራል፣ ክፍያም አይጠይቅም፤ ሽፋን ለመሞከር ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ጊምፕ ፎቶ ለማስተካከል ይበልጣል፣ ለመሣል ግን ክሪታ በጣም ይቀድመዋል። ካንቫ በስልክም ይሠራል፣ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አብነቱ የሁሉም ሰው ነው፣ ሽፋናችሁም የሌላ ሰው ማስታወቂያ ይመስላል። ፎቶሾፕ በጽሑፍ አያያዝ ክሪታን ይበልጠዋል፣ ኢንክስኬፕ ካለ ግን ያ ብልጫ ይጠባል።

ክሪታ ላይ የቀረን ቅሬታ ሁለት ነው። ርካሽ የሥዕል ታብሌት ሲሰካ የብዕሩ ግፊት አንዳንዴ አይሰማም፣ መስመሩ ሁሉ አንድ ውፍረት ይሆናል። በ«ኮንፊገር ክሪታ» ውስጥ ባለው የታብሌት ክፍል ከ«ዊንታብ» ወደ «ዊንዶውስ ኢንክ»፣ ወይም ከዚያ ወደዚህ፣ ለውጣችሁ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ብዙውን ጊዜ ይፈታል። ሁለተኛው ትልልቅ ብሩሽ በደካማ ላፕቶፕ ላይ መዘግየቱ ነው፤ ረቂቁን በግማሽ መጠን ሠርታችሁ አቀማመጡ ሲጸድቅ አሳድጋችሁ ጨርሱት።

ክሪታ በስቲም ላይ በክፍያ ሲሸጥ ብታዩ አትደናገጡ። ያው ፕሮግራም ነው፣ ገንዘቡ ለሚሠሩት ሰዎች ይሄዳል፣ ዝማኔውም በራሱ ይወርዳል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ዝማኔ በራሱ መውረዱ ሁልጊዜ ጥቅም አይሆንም፤ ስለዚህ ከድረ ገጹ የሚገኘውን ነጻ ቅጂ አንዴ አውርዳችሁ፣ በፍላሽ ለቡድኑ አከፋፍላችሁ፣ የጀመራችሁት ሽፋን እስኪያልቅ ሥሪቱን አትቀይሩ።